አንድ ጎራሽ ጠመንጃ እና የአንዲት ጥይት ፊዚክስ

አንድ ጎራሽ የሚባለው ጠመንጃ ካዝና የሌለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከተኮሰ በኋላም ቀለሁ ወጥቶ ሌላ ጥይት በእጅ እስኪገባለት ድረስ የማይተኩስ መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ የሚያድን ሰው የመጀመሪያዋን ጥይት ቢስት እንስሳው ሁለተኛዋን ቆሞ አይጠብቅም። ከመሳት የሚከፋው ግን ማቁሰል ነው። በትክክለኛው ስፍራ ያልተመታ እንስሳ በረጅም ሣር ውስጥ ተሰውሮ ሲሠቃይ ይቆያል፤ አዳኙ ሥጋውን አያገኝም፣ እንስሳውም አይተርፍም። ስለዚህ በአንድ ጎራሽ ጠመንጃ ዒላማን መምታት የችሎታ ማሳያ ብቻ ሳይሆን የኃላፊነት ጉዳይ ነው።

በአገራችን ስለ ተኩስ ሲወራ አንድም የተኳሹ ዓይን ይመሰገናል፣ አንድም ጠመንጃው ይወቀሳል። ሁለቱም አባባሎች ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም መጠን አይናገሩም። ፊዚክስ የሚጠይቀው «ምን ያህል?» ብሎ ነው። ጥይት ከታለመላት ነጥብ የምትርቀው በየትኞቹ ምክንያቶች ነው? ከምክንያቶቹ ትልቁ የትኛው ነው? ጠመንጃን ለባለቤቱ ለማስማማት የሚፈልግ ሰውስ ከየት ይጀምር? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመረምራለን። ለመሣሪያ ምሳሌ ውጅግራን፣ ለስፍራ ምሳሌ በጋምቤላ ክልል የሚገኘውን የጎግ ወረዳን እንወስዳለን። የምንጠቀምበት ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም አይርቅም።

ውጅግራ ከፈረንሳይ እስከ ጊሎ ወንዝ

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው። ግራ የተባለው ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ባዚል ግራ ነው። ይህ ሰው በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረውን የ1866 እ.ኤ.አ. ሻስፖ ጠመንጃ የብረት ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው፤ የፈረንሳይ ጦርም በ1874 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ሌበል ወደተባለው ባለ ካዝና ጠመንጃ ስትሸጋገር የቀድሞው መሣሪያ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተሸጠ፤ ወደ ኢትዮጵያም በብዛት ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራና ረሚንቶን የተባሉት አንድ ጎራሾች ይገኙባቸዋል።

ለስሌታችን የሚያስፈልጉን የውጅግራ ልኮች የሚከተሉት ናቸው፦ የበርሜሉ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የበርሜሉ ርዝመት 82 ሳንቲ ሜትር፣ የጠመንጃው መጠነ ቁስ 4.2 ኪሎ ግራም፣ የእርሳሷ ጥይት 25 ግራም፣ የባሩዱ 5.25 ግራም፣ ጥይቷ ከአፈሙዝ ስትወጣ ያላት ፍጥነት ወደ 450 ሜትር በሰከንድ።

ጎግ በአኝዋሃ ዞን የሚገኝ ቆላማ ወረዳ ነው። የጊሎ ወንዝና የታታ ሐይቅ የሚታወቁበት ይህ አገር ሜዳማና ሞቃት ነው፤ ሣሩ በክረምት ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጠመንጃ ከኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ወደ አኝዋሃ አገር መግባቱንና የአካባቢውን የሥልጣን ሚዛን መለወጡን እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ገልጿል። እርሱ ራሱ በ1940 እና በ1941 እ.ኤ.አ. ከአኝዋሃ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። እንግዲህ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ በጎግ ምድር የቆየ ታሪክ አለው። እኛን የሚመለከተን ግን የፊዚክስ ጠባዩ ነው።

ጥይት ለምን ትሽከረከራለች?

ጥጥ የምትፈትል እናት እንዝርቷን ስታሾር እንዝርቷ ቀጥ ብላ ትዞራለች፤ መሾሯን ስታቆም ግን ወዲያው ትወድቃለች። የሚሽከረከር አካል የመዞሪያ አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም። የጥይትም ምሥጢር ይኸው ነው። ረዘም ያለች እርሳስ ሳትሽከረከር ብትተኮስ አየሩ ይገለብጣትና በጎኗ ትበርራለች። በበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቆፈሩት ጠመዝማዛ ቦዮች እርሳሷን እያዞሩ ያስወጧታል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ የእነዚህን ቦዮች ጥቅም አስረድቶ ነበር።

በውጅግራ በርሜል ውስጥ ቦዮቹ አንድ ሙሉ ዙር የሚዞሩት በ55 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ጥይቷ ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 450 ÷ 0.55 = 818 ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ ይህም በደቂቃ 49 ሺህ ዙር ገደማ ነው። ይህ በቂ ነውን? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ቀመር ለእርሳስ ጥይት የሚበቃውን የዙር ርዝመት ይሰጠናል፦ የጥይቷ ስፋት በራሱ ተባዝቶ፣ በ150 ተባዝቶ፣ ለጥይቷ ርዝመት ይካፈላል። 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 27 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ላላት ጥይት መልሱ 672 ሚሊ ሜትር ነው። ውጅግራ በ550 ሚሊ ሜትር አንድ ዙር ስለሚያዞራት ጥይቷ ከሚያስፈልጋት በላይ ጸንታ ትበርራለች ማለት ነው።

ይህ ጽናት ግን በርሜሉ ንጹሕና ጤነኛ ሲሆን ብቻ የሚገኝ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከውጤቱ በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ነገር ነው። ቦዮቹን የሚሞላው ይህ ጥላሸት የፖታሲየም ጨዎች ስላሉበት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በጎግ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ብዙ በመሆኑ ያልተወለወለ በርሜል በአጭር ጊዜ ይዝጋል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የአፈሙዙ ጠርዝ ነው። ጠርዙ በአንድ በኩል ከተሸረፈ ጥይቷ ልትወጣ ስትል ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና እርሳሷን ወደ ጎን ይገፋታል። ስለዚህ የጠመንጃው መዝጊያ ወጥቶ በርሜሉ ከኋላ በኩል ቢወለወል ይሻላል፤ የብረት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል እየገባ ሲፋተግ ጠርዙን ይበላዋል።

ጥይቷ ከአፈሙዝ ከመውጣቷ በፊት

ብዙ ሰው ጠመንጃ ወደ ኋላ የሚረግጠው ጥይቷ ከወጣች በኋላ ይመስለዋል። የሞመንተም ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ጥይቷ ወደ ፊት መሄድ በጀመረችበት ቅጽበት ጠመንጃው ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። የጥይቷ ሞመንተም 0.025 × 450 = 11.25 ነው፤ ይህንን ለጠመንጃው 4.2 ኪሎ ግራም ብናካፍለው የጠመንጃው የኋሊት ፍጥነት፣ የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር፣ 2.7 ሜትር በሰከንድ ያህል ይሆናል።

ከዚህ የሚያስደንቀው ርቀቱ ነው። ጥይቷ 82 ሳንቲ ሜትሩን በርሜል ስትጨርስ ጠመንጃው 82 × 0.025 ÷ 4.2፣ ማለትም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንቀሳቅሷል። ጊዜው ወደ 4 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ በመሆኑ ማንም ሰው ተሰምቶት ሊያርመው አይችልም። ነገር ግን ይህች ግማሽ ሳንቲ ሜትር በምን ላይ ትደገፋለች? ሰደፉ በትከሻ ላይ አንድ ጊዜ ከፍ፣ ሌላ ጊዜ ዝቅ ብሎ ከተደገፈ ጠመንጃው በየጊዜው በተለያየ ማዕዘን ይገፋል። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽ የሚባለው ጠመንጃውን አጥብቆ የሚይዝ ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚይዝ ነው።

በርሜሉም ዝም ብሎ አይቆምም። እንደ ተመታ መረዋ ይርገበገባል። መርገብገቡ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳት የሚያመጣው ሲለዋወጥ ነው። በርሜሉን በድንጋይ ወይም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሳርፎ የሚተኩስ ሰው የመርገብገቡን ሁኔታ ይለውጠዋል። መደገፊያ ካስፈለገ ሊያርፍ የሚገባው እንጨቱ ነው፤ ያውም አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ። እንጨቱም በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሲያብጥ በርሜሉን ወደ አንድ ወገን ሊገፋው ይችላል። በበጋ ቀጥ አድርጎ ይመታ የነበረ ጠመንጃ በክረምት «ዞረ» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የማነጣጠር ስሕተትም በዚሁ ስፍራ ይቆጠራል። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 70 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ተኳሹ የፊተኛዋን ጉጥ ከኋለኛው ጎድጓዳ መካከል በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያዛንፋት በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ በ100 ሜትር ላይ 7 ሳንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር ላይ 14 ሳንቲ ሜትር ይስታል።

ከአፈሙዝ እስከ ዒላማ

ጥይት ከአፈሙዝ እንደወጣች መውደቅ ትጀምራለች። አየር ባይኖር ኖሮ ስሌቱ አጭር ነበር። 100 ሜትር ለመድረስ 0.22 ሰከንድ ይፈጅባታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የመሬት ስበት 24 ሳንቲ ሜትር ያወርዳታል። 200 ሜትር ላይ ጊዜው እጥፍ፣ መውረዱ አራት እጥፍ ይሆናል። አየር ሲኖር ጥይቷ ፍጥነቷን እያጣች ስለምትሄድ መውረዷ ከዚህም ይብሳል።

እዚህ ላይ በአገራችን በቀላሉ የሚቀርብ አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ። ጠመንጃው በአዲስ አበባ ተፈትሾና ማነጣጠሪያው ተስተካክሎ ወደ ጎግ ቢወርድ ምን ይሆናል? አዲስ አበባን 2,400 ሜትር ከፍታና 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጎግን 450 ሜትር ከፍታና 35 ዲግሪ ብለን እንውሰድ። የአየሩ እፍግታ በአዲስ አበባ 0.92፣ በጎግ 1.09 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ አየሩን ቢያሳሳውም የከፍታው ልዩነት ስለሚበልጥ የጎግ አየር በ18 በመቶ ያህል የታፈገ ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ስኩዌር ልክ እንደሚያድግና የተቃውሞው ቁጥር 0.5 እንደሆነ ወስደን ብናሰላ ጥይቷ ከበርሜሉ መስመር የምትወርደው በሚከተለው መጠን ነው፦

በ100 ሜትር፦ ያለ አየር 24.2፣ በአዲስ አበባ 25.7፣ በጎግ 26.0 ሳንቲ ሜትር።
በ150 ሜትር፦ ያለ አየር 54.5፣ በአዲስ አበባ 59.6፣ በጎግ 60.6 ሳንቲ ሜትር።
በ200 ሜትር፦ ያለ አየር 96.9፣ በአዲስ አበባ 109.2፣ በጎግ 111.8 ሳንቲ ሜትር።

አንባቢ ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ይመልከት። ከደጋ ወደ ቆላ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ወርደን በ200 ሜትር ላይ ያገኘነው ልዩነት 2.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። «የቆላ አየር ጥይት ይበላል» ለሚል ሰው መልሱ «ይበላል፣ ግን ጥቂት ነው» የሚል ይሆናል።

አሁን ሌላ ስሕተት እንመርምር። በጎግ ሜዳ ላይ አንድ አዳኝ ማነጣጠሪያውን ለ150 ሜትር አስተካክሎ፣ እንስሳውም 150 ሜትር ላይ ያለ መስሎት ተኮሰ እንበል። እውነተኛው ርቀት ግን 200 ሜትር ነበር። በ150 ሜትር የ60.6 ሳንቲ ሜትሩን መውረድ የሚያካክሰው ማዕዘን በ200 ሜትር የሚያካክሰው 80.8 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ነው። ጥይቷ ግን 111.8 ትወርዳለች። ስለዚህ ከታለመው ነጥብ 31 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ታርፋለች። የመካከለኛ እንስሳ የልብና የሳንባ ስፍራ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ይህች ጥይት ወይ እግር ትሰብራለች ወይ መሬት ትመታለች።

የአየሩ ልዩነት 2.6፣ የርቀት ግምት ስሕተቱ 31 ሳንቲ ሜትር! ኮረብታና ዛፍ ባነሰበት፣ የቀትር ሙቀት አየሩን በሚያርገበግብበት ሜዳ ርቀትን 50 ሜትር ማሳሳት የማንም ሰው ዕጣ ነው። እንግዲህ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው የራስን እርምጃ መለካት፣ የታወቁ ምልክቶችን ርቀት አስቀድሞ ማወቅና በእርግጠኝነት በማያውቁት ርቀት ላይ አለመተኮስ ነው።

የነፋስ ድርሻ

ጥይት በጎን ነፋስ የምትገፋው በበረራዋ ጊዜ ሁሉ ሳይሆን አየሩ ባዘገያት መጠን ነው። ቀመሩ ያምራል፦ የነፋሱ ፍጥነት ሲባዛ እውነተኛው የበረራ ጊዜ አየር ባይኖር ከሚፈጀው ጊዜ በሚበልጥበት መጠን። በጎግ 200 ሜትር ለመድረስ 0.494 ሰከንድ ይፈጃል፤ አየር ባይኖር 0.444 ነበር። ልዩነቱ ወደ 0.05 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ጥይቷን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወስዳታል። በ100 ሜትር ግን ይኸው ነፋስ የሚወስዳት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ርቀት በእጥፍ ሲያድግ የነፋሱ ጉዳት በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሁለት መቶ ሜትርን ወደ መቶ ማሳጠር ነፋስን ከማስላት ይቀላል።

ቋሚ ስሕተትና ድንገተኛ ስሕተት

በቤተ ሙከራ ልኬት የሠራ ተማሪ ሁሉ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንዳለ ያውቃል። አምስት ጥይቶች ተቀራርበው ነገር ግን ሁሉም ከዒላማው በስተቀኝ ቢያርፉ ስሕተቱ ቋሚ ነው፤ ማነጣጠሪያውን በማንቀሳቀስ ይወገዳል። አምስቱ በዒላማው ዙሪያ ቢበታተኑ ግን ስሕተቱ ድንገተኛ ነው፤ ይህን የትኛውም የማነጣጠሪያ ማስተካከያ አያድነውም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል። ከአንዲት ጥይት በኋላ ማነጣጠሪያውን የሚነካ ሰው ድንገተኛውን ስሕተት ቋሚ አድርጎ በብረቱ ላይ ይጽፈዋል። ከአምስት ጥይት አማካይ ነጥብ ተነሥቶ የሚያስተካክል ሰው ግን የአማካዩ አጠራጣሪነት በአምስት ስኩዌር ሥር ተካፍሎ ከግማሽ በታች ይወርድለታል። ማስተካከያው ራሱ ቀላል ነው። የአምስቱ አማካይ በ100 ሜትር ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ካዘነበለና በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 70 ሳንቲ ሜትር ካለ የኋለኛው ማነጣጠሪያ 0.12 × 0.7 ÷ 100፣ ማለትም 0.84 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ይገፋል።

የድንገተኛ ስሕተቶች አደማመር ደግሞ ከተለመደው የተለየ ነው። እያንዳንዱ መደበኛ ልይይት በራሱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ከዚያ ስኩዌር ሥሩ ይወሰዳል። ለምሳሌ በ100 ሜትር ላይ የጠመንጃው ድርሻ 3፣ የጥይቶቹ አለመመሳሰል ድርሻ 4፣ የተኳሹ ድርሻ 12 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ድምሩ 9 + 16 + 144 = 169 ሲሆን ስኩዌር ሥሩ 13 ነው።

አሁን ይህ ሰው ገንዘቡን በሙሉ አውጥቶ ምንም ስሕተት የሌለው ጠመንጃ ቢገዛስ? ድምሩ 160፣ ስኩዌር ሥሩ 12.6 ይሆናል። ከ13 ወደ 12.6! በአንጻሩ ያንኑ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ በልምምድ የራሱን ስሕተት በግማሽ ቢቀንስ ድምሩ 9 + 16 + 36 = 61፣ ስኩዌር ሥሩ 7.8 ይሆናል። በዚህ ዓይነት አደማመር ትልቁ ስሕተት ትናንሾቹን ይውጣቸዋል። ማሻሻል የሚጀመረውም ከትልቁ ነው። ይህ ደንብ ለጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የቤተ ሙከራ ልኬት ይሠራል።

ጠመንጃን ለባለቤቱ ማስማማት

ከላይ ያየነውን ይዘን ስለ ማስማማት ብንነጋገር ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ ደኅንነት። አሮጌ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት መዝጊያውና በርሜሉ በባለሙያ መታየት አለባቸው። ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጢስ አልባውን ባሩድ የሠራው በ1884 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከውጅግራ አሥር ዓመት በኋላ ነው። የዘመናዊው ባሩድ ግፊት የአሮጌውን ብረት አቅም አልፎ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ስለሚችል በምንም ምክንያት አይሞከርም።

ሁለተኛ፣ የሰደፉ ርዝመት። ሰደፉ ለክንዱ የረዘመበት ወይም ያጠረበት ሰው ጉንጩን በየጊዜው በተለያየ ስፍራ ያሳርፋል፤ ዓይኑም ከማነጣጠሪያው ጋር በአንድ መስመር አይውልም። ሰደፉን ለሰውየው ማስማማት ከተኳሹ የ12 ሳንቲ ሜትር ድርሻ ላይ የሚቀንስ በመሆኑ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ ምላጩ። ጠመንጃው 4.2 ኪሎ ግራም ሆኖ ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ከዚህ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ጣት ጥይቷን ሳያስወጣ ጠመንጃውን ያንቀሳቅሳል። እጅግ የላላ ምላጭ ደግሞ ሳይታሰብ ይተኩሳል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሠለጠነ ጠጋኝ እንጂ የቤት ሞረድ አይነካውም።

አራተኛ፣ የበርሜሉና የእንጨቱ መገናኛ። በዘመናዊዎቹ አንድ ጎራሾች፣ ለምሳሌ በ1967 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው ሩገር ቁጥር 1፣ እንጨቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የፊተኛው እንጨት በበርሜሉ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ሲለዋወጥ የጥይቶቹ ማረፊያም ይለዋወጣል። በእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ የባለሙያዎች ዋና ድካም ይህን ጫና ወጥ ማድረግ ነው። እንጨቱን እርጥበት እንዳይጠጣ በዘይት ማሸት ለጎግ አየር ጠባይ ተገቢ ነው።

አምስተኛ፣ ጥይት። የአፈሙዝ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ቢለዋወጥ በ200 ሜትር ላይ መውረዱ በ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለወጣል። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ዘመን የወጣ፣ በደረቅ ስፍራ የተቀመጠ ጥይት መጠቀም ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ እርሱም የራስን ወሰን መለካት ነው። በ100 ሜትር ላይ የተተኮሱ አምስት ጥይቶች ሁሉም ከ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ካልገቡ 100 ሜትር የዚያ ተኳሽ የአደን ርቀት አይደለም። ወደ 80፣ ወደ 60 ሜትር ይቅረብ። ቁጥሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ቁጥሩን ሳያውቁ መተኮስ ነው።

የማያቆማት ሜዳ

ስለ ዒላማ ስንናገር ስለሳተች ጥይት ዝም ማለት አይገባም። የውጅግራ ጥይት ከአፈሙዝ ስትወጣ 2,530 ጁል ያህል ኃይል አላት፤ በጎግ አየር 200 ሜትር ተጉዛ 1,670 ጁል ገደማ ይተርፋታል። በ1879 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳንዲ ሁክ በተባለ ስፍራ በተደረገ ሙከራ ልኩ ከውጅግራ ጋር የሚቀራረብ የስፕሪንግፊልድ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዙ ተመዝግቧል። በደጋው አገር ከዒላማው በስተኋላ ተራራ ወይም ገደል ይቆማል። በጎግ ሜዳ ግን የሳተችን ጥይት የሚያቆም ኮረብታ በቀላሉ አይገኝም። ከሣሩ ማዶ በወንዙ ዳር የሚኖር ሰው፣ ውኃ የምትቀዳ ልጅ፣ የሚግጥ ከብት ሊኖር ይችላል። በዝቅተኛ ማዕዘን ውኃ የነካች ጥይትም ነጥራ ትሄዳለች። ስለዚህ «ምን እመታለሁ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ብስት ጥይቷ የት ታርፋለች?» የሚለው መመለስ አለበት።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃም በራሱ አዋጅ ይመራሉ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ማደንም ክልክል ነው። ነጭ ጆሮ ኮብ የተባለው አጋዘን መሰል እንስሳ በብዛት የሚሰደድበት የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክም የአደን ስፍራ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የቀረበው እውቀት ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰው መጠንቀቂያ፣ ለተማሪ ደግሞ የፊዚክስ መማሪያ እንዲሆን ነው።

ያለ ጠመንጃ የሚሠራ ሙከራ

ይህን ሁሉ ለመማር ጠመንጃ መንካት አያስፈልግም። አንዲት ብይ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ለማንደርደሪያ የሚሆን የታጠፈ ካርቶንና ከሰል የተነሰነሰበት ነጭ ወረቀት ይበቃሉ። ብዪቱን ከማንደርደሪያው አንድ ከፍታ ላይ ሃያ ጊዜ ልቀቋት፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ተወርውራ ወረቀቱ ላይ የምትተዋቸውን ምልክቶች ለኩ። አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን አስሉ። ቀጥሎ ሃያ ጊዜ በጣታችሁ ገፋ እያደረጋችሁ ልቀቋት፤ መበታተኑ ምን ያህል እንዳደገ ታያላችሁ። የጣት ድርሻ ከብይዋ ድርሻ እንደሚበልጥ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች፦

1. በ35 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 352 ሜትር ይጓዛል። በ200 ሜትር ርቀት ያለ እንስሳ አስቀድሞ የሚደርሰው ጥይቷ ነው ወይስ የተኩሱ ድምፅ? በስንት ሰከንድ ልዩነት?

2. የጠመንጃው ድርሻ 3፣ የጥይቶቹ 4፣ የተኳሹ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ማሻሻል ከየትኛው ይጀመራል? መልሱ ከላይ ካየነው ምሳሌ ለምን ተለየ?

3. ማነጣጠሪያው ለ150 ሜትር ተስተካክሎ እንስሳው በ100 ሜትር ላይ ቢገኝ ጥይቷ በምን ያህል ከፍ ብላ ታርፋለች? ከላይ የተሰጡትን የጎግ ቁጥሮች ተጠቀሙ።

ሦስተኛውን ጥያቄ የሠራ ተማሪ መልሱ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ያገኘዋል። ርቀቱን በ50 ሜትር አሳንሶ መገመት 31፣ በ50 ሜትር አብዝቶ መገመት 14 ሳንቲ ሜትር ያስታል፤ ሁለቱ እኩል አይደሉም። በርቀት የተጠራጠረ አዳኝ ወደ እንስሳው መቅረብ እንዳለበት ቁጥሮቹ ያሳያሉ፤ መቅረብ ካልቻለም ምላጩን አይንካ።